የሶፍትዌር ባለሙያ የቅጥር ፈተና በደሴና በኮምቦልቻ

የሶፍትዌር ባለሙያ የቅጥር ፈተና አመልካቹ ኮድ መጻፍ፣ የሌላ ሰው ኮድ አንብቦ መረዳትና ስህተት ማረም መቻሉ የሚመዘንበት ነው። የተለመደው አሠራር አመልካቹን ሰሌዳ ፊት አቁሞ አልጎሪዝም (የችግር መፍቻ ቅደም ተከተል) ማስጻፍ ሲሆን፣ ዋና ጉድለቱ ከችሎታ ይልቅ ድንጋጤን መለካቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች 48 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው ገሚሱን በፈታኝ ፊት፣ ገሚሱን ለብቻቸው ፈተኑ። እየታዩ የሠሩት ውጤታቸው ከሌሎቹ ከግማሽ በታች ወረደ።

የተሻለው ጥያቄ ከሥራው የተቀዳ ነው። ለአመልካቹ 100 መስመር ያህል የደመወዝ ስሌት ኮድ ይሰጠዋል፤ ኮዱ ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ ይቆጥራል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ለምሳሌ በ2015፣ ጳጉሜ 6 ቀን ስለሆነች ስሌቱ ይዛባል። ሌላው ጥሩ ጥያቄ የስም ፍለጋ ነው፦ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ደንበኛ «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ ለምን ይጠፋል? ሁለቱም በቃል የተሸመደደ መልስ የላቸውም፤ የአገሩን መረጃ የሚያውቅ ሰው ግን ይገባዋል። አመልካቹ 45 ደቂቃ ብቻውን ይሠራል፣ ኢንተርኔት ማየትም ይፈቀድለታል፤ ከዚያ 30 ደቂቃ ያህል ስለሠራው ከፈታኞቹ ጋር ይወያያል። ሥራው እንግሊዝኛ መናገር ካልጠየቀ ማብራሪያው በአማርኛ ይሁን፤ ሐሳቡ የጠራ ሰው በቋንቋ ምክንያት ሲወድቅ ድርጅቱም ይጎዳል።

የነጥብ መስጫው ቅጽ አመልካቾች ከመምጣታቸው በፊት ይጻፋል፤ ስህተቱን ማግኘት፣ ማረም፣ በሙከራ ማረጋገጥና ማስረዳት እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 4 ይመዘናሉ። ሁለት ፈታኞች ሳይነጋገሩ ነጥብ ይሰጣሉ፤ አስቀድመው ከተነጋገሩ የአለቃው አስተያየት የሌላውን ይውጠዋል። «የማን ልጅ ነህ?»፣ «አግብተሻል ወይ?» የመሳሰሉት በወዳጅነት ስሜት ቢነሱም በፈተና ክፍል ቦታ የላቸውም።

መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪው የሞላ ላፕቶፕና በፍላሽ የተቀመጠ ኮድ ይዘጋጃል፤ የጠፋው ደቂቃም ይካካሳል። አዲስ አበባ ያለ ቀጣሪ የመጀመሪያውን ዙር በስልክ ያድርገው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለ20 ደቂቃ ጥያቄ መቅረብ ገንዘብ የሌለውን አስቀድሞ ያስቀራል። ቤት ተወስዶ የሚሠራ ፈተና ከ2 ሰዓት አይለፍ፤ ላፕቶፕ ለሌለው በቢሮ ማሽን ይመቻችለት።

ጥያቄው መጀመሪያ በነባር ሠራተኞች ይሞከራል። እነሱ 30 ደቂቃ ከፈጀባቸው ለኮዱ እንግዳ ለሆነው አመልካች 45 ይበቃዋል፤ እነሱም 45 ከፈጀባቸው ጥያቄው ይቀነሳል።