የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት፦ ከንቲባ የሌላትን ሲልቨር ስፕሪንግ ማን ያስተዳድራል?

ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የላትም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር ሀበሻ አብዝቶ የሚያውቃት ሰፈር ብትሆንም በሕግ ፊት ከተማ አይደለችም። የራሷ የከተማ አስተዳደርም የላትም። ስለ መንገዷ፣ ስለ ፖሊሷና ስለ ቤት ኪራይዋ የሚወስነው ሮክቪል ላይ የሚሰበሰበው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ነው። ጎረቤቶቿ ሮክቪል፣ ጌተርስበርግና ታኮማ ፓርክ ግን የየራሳቸው ከንቲባና ምክር ቤት አላቸው።

ሞንትጎመሪ በሕዝብ ብዛት ከሜሪላንድ ካውንቲዎች አንደኛ ነው፤ ነዋሪው ከ1 ሚሊዮን ይበልጣል። ድሮ ሕግ ማውጣቱም ሥራ ማስፈጸሙም በምክር ቤቱ ሥር ነበር። ሕዝቡ በ1968 (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያጸደቀው ቻርተር፣ ማለትም የካውንቲው መተዳደሪያ ሕግ፣ ሁለቱን ለያየ። ከ1970 ምርጫ ጀምሮ ሥራ አስፈጻሚው፣ ማለትም የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ፣ ለብቻው ይመረጣል። ምክር ቤቱ ዛሬ 11 አባላት አሉት፤ ሰባቱን የየወረዳቸው ሕዝብ፣ አራቱን መላው ካውንቲ ይመርጣል። ዘመናቸው አራት ዓመት ነው። እስከ 2022 ግን ዘጠኝ ብቻ ነበሩ።

ሕግ የሚረቀቀው፣ ለሕዝብ አስተያየት የሚቀርበውና በኮሚቴ የሚፈተሸው እዚሁ ነው። ድምፅ ተሰጥቶበት ካለፈ በኋላ ለሥራ አስፈጻሚው ይሄዳል። እሱ ደግሞ አልፈርምም ብሎ መመለስ ይችላል። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የ15 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ ነው። በጥር 2017 ምክር ቤቱ 5 ለ4 አሳለፈው፤ ሥራ አስፈጻሚው መለሰው። አምስት ድምፅ ደግሞ እምቢታውን ለመሻር አይበቃም። እንደገና ድርድር ተገባ፣ ለትናንሽ ንግዶች ረዘም ያለ ጊዜ ተሰጠ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ለተከራይ ይበልጥ የሚሰማው የ2023ቱ የኪራይ ሕግ ነው። 7 ለ4 ነው ያለፈው። የዓመቱ ጭማሪ ከ6 በመቶ፣ ወይም የዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ ተደምሮ ከሚገኘው፣ ከሁለቱ ካነሰው እንዳይበልጥ ይከለክላል። 1,800 ዶላር የሚከፍል ሰው ቢበዛ ቢበዛ 108 ዶላር ይጨመርበታል ማለት ነው። ግን ሁሉንም ቤት አይነካም። ከተሠሩ 23 ዓመት ያልሞላቸው ሕንፃዎች ነፃ ናቸው። ሮክቪልና ጌተርስበርግም አይመለከታቸውም። ውል ከመፈረም በፊት ሕንፃው መቼ እንደተሠራ መጠየቅ አይከፋም።

ምክር ቤቱ ትልቅ ጉልበት ያለው ግን በጀቱ ላይ ነው። ሥራ አስፈጻሚው እስከ መጋቢት 15 ረቂቁን ይልካል። ሚያዝያ ላይ ሕዝብ ይናገራል፣ ግንቦት ላይ ኮሚቴዎቹ መስመር በመስመር ይጨቃጨቁበታል። በጀቱ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል፤ ግማሽ ያህሉ ለትምህርት ቤቶች ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይደናገራል። ምክር ቤቱ ለትምህርት ገንዘቡን ይመድባል እንጂ ምን ይማሩ፣ ማን ርዕሰ መምህር ይሁን የሚለው አይመለከተውም። ያ በተናጠል የሚመረጠው የትምህርት ቦርድ ጉዳይ ነው። በ2023 ሥራ አስፈጻሚው የንብረት ግብር ወደ 10 በመቶ ይጨመር ብሎ ሲጠይቅ ምክር ቤቱ 4.7 በመቶ ብቻ ፈቀደ።

መሬት ላይ ደግሞ ሥልጣኑ ከዚህም ይሰፋል። ምክር ቤቱ የት አፓርታማ፣ የት ሱቅ ይሠራ የሚለውን ሲወስን ሥራ አስፈጻሚው ውድቅ ሊያደርግበት አይችልም። የመሬት አጠቃቀምን የሚያቅደውን የፕላን ቦርድ አምስት አባላት የሚሾመውም ምክር ቤቱ ነው። በ2022 ቦርዱ ውዝግብ ውስጥ ገብቶ አምስቱም ሲለቁ ጊዜያዊ አባላት ሾሟል። የጤና ቦርድም ሆኖ ይቀመጣል፤ በኮቪድ ጊዜ የማስክ ግዴታውን ያጸደቀው በዚህ ሥልጣኑ ነበር።

ምክር ቤቱ በአብዛኛው ማክሰኞ ይሰበሰባል። በአንድ ረቂቅ ላይ መናገር የፈለገ ነዋሪ ቀድሞ ይመዘገባል። የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ስለሆነ ሰላምታ ማብዛት አያዋጣም። አስተርጓሚ የሚያስፈልገውም ቀደም ብሎ መጠየቅ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2006 ምርጫ ወዲህ ሪፐብሊካን እዚህ ወንበር አግኝቶ አያውቅም። ስለዚህ ዋናው ፉክክር የሚያልቀው የፓርቲው እጩ በሚለይበት በዴሞክራቶቹ ቅድመ ምርጫ ነው። ሜሪላንድ ደግሞ ቅድመ ምርጫዋን ለፓርቲው ተመዝጋቢ ብቻ ነው የምትከፍተው። ዜግነት አግኝቶ ያለ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው ኅዳር ላይ ሲሰለፍ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ አልቆ ይደርሳል።