የወር አበባን በአፕ መቁጠር በወሎ

የወር አበባ መከታተያ አፕ ዋና ሥራው መቁጠር ነው። ሴቷ ደም ያየችበትን የመጀመሪያ ቀን ትመዘግባለች። አፑ ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ያለውን ቀን ይቆጥርና የሚመጣውን ይገምታል። የጥቂት ወራት መዝገብ ሲያገኝ ግምቱ ይሻላል። ስማቸው በብዛት ከሚነሳው መካከል ፍሎ እና እ.ኤ.አ. በ2013 በርሊን ላይ የወጣው ክሉ ይገኙበታል።

ቀን መያዝ ለወሎ ሴት አዲስ አይደለም። ኦርቶዶክሷ በወር አበባዋ ቀናት ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም። ሙስሊሟ ሐይድ (የወር አበባ) ላይ ስትሆን አትሰግድም፣ አትጾምም። ሶላቱን አትተካም፤ ያለፋትን የረመዳን ጾም ግን ቀዷ ታወጣለች፣ ማለትም በሌላ ቀን ጾማ ትተካለች። ስንት ቀን እንዳለፋት መያዝ አለባት ማለት ነው። ወሎ ላይ ሁለቱም ሃይማኖት አንድ ዘመድ ቤት ውስጥ ይገናኛል፤ አክስት ለረመዳን ስትቆጥር የእህቷ ልጅ ለቁርባን ትቆጥራለች። የተማሪዋ ምክንያት ቀለል ይላል፤ ሞዴስ ቦርሳዋ ውስጥ ሳትይዝ እንዳትወጣ ነው።

ትልቁ ጣጣ የቀን አቆጣጠሩ ነው። የታወቁት አፖች የሚቆጥሩት በፈረንጆች ነው። የደሴ ወይም የወልድያ ልጅ ግን «መስከረም 15 መጣብኝ» ነው የምትለው። እንደኔ ከሆነ በእኛው መቁጠር ይቀላል። 12ቱ ወራት እኩል 30 ቀን ስለሆኑ፣ ዑደቷ 28 ቀን የሆነች ሴት በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ መመለስ ነው። መስከረም 15 ከመጣ ጥቅምት 13፣ ከዚያ ኅዳር 11። የምታሳስተው ጳጉሜን ናት። ነሐሴ 10 የመጣባት ሴት፣ ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን መስከረም 3፣ 6 ቀን ስትሆን መስከረም 2 ትጠብቃለች።

የሁሉም ሴት ዑደት 28 ቀን አይደለም። ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ጤናማ ነው። ገና የጀመራት ልጅ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሊዛባባት ይችላል፤ መደናገጥ አያስፈልግም። ደሙ ከሳምንት በላይ ከቆየ ወይም ሳታረግዝና ሳታጠባ ሦስት ወር ከቀረ ግን ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

አገራችን ውስጥ ብዙ ሴት የምትወስደው የሦስት ወር መርፌ ደሙን ያዛባል፤ ጭራሽ ሊያስቀረውም ይችላል። ያኔ የአፑ ግምት አይሠራም። «ዛሬ አታረግዢም» የሚል ምልክት አይቶ መተማመንም አደገኛ ነው። እንቁላሉ የሚወጣበት ቀን ሊንሸራተት ይችላል፤ የወንድ ዘር ደግሞ ማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ይቆያል።

ስልክ ከእህት ከወንድም ጋር በሚጋሩበት ቤት፣ ማሳሰቢያው ስክሪን ላይ ብቅ እንዳይል መዝጋትና አፑን በፒን መቆለፍ ጥሩ ነው። ምስጢር የሚወጣው በቤተሰብ ብቻ አይደለም። ፍሎ የተጠቃሚዎቹን መረጃ ለፌስቡክና ለጉግል አሳልፏል ተብሎ በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2021 በስምምነት ጨርሷል። መረጃውን ስልኩ ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ እንደ ድሪፕ ያለ አፕም አለ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደርም በእስክሪብቶ ክብ ቢደረግበት ያው ሥራ ይሠራል።

ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ ስትሄድ መጀመሪያ ከምትጠየቀው አንዱ የመጨረሻው የወር አበባዋ የጀመረበት ቀን ነው። መውለጃዋ ከዚያ ቀን 280 ቀን ተቆጥሮ ይገመታል። በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ነው፤ መስከረም 15 ካለች ሰኔ 25። መንገዱ ላይ 5 ቀን የሆነች ጳጉሜን ካለች ግን ዘጠኝ ወር ከ5 ቀን ይሆናል፤ ጥር 1 ካለች ጥቅምት 6።