የዛር ሰመመን በጎንደር

ዛር በሰው ላይ ይሰፍራል ተብሎ የሚታመን መንፈስ ነው። መንፈሱን ለማስነሣትና ለማባበል የሚፈጸመው ሥርዓትም በዚሁ ስም ይጠራል። በኢትዮጵያ ሥርዓቱ ስም ካተረፈባቸው ቦታዎች ጎንደር ቀዳሚዋ ናት። በአፈ ታሪኩ እንደሚነገረው ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ሊጎበኛቸው ሲመጣ ለቆንጆዎቹ ሳስታ አሥራ አምስቱን ደበቀች፤ የተደበቁትም ከሰው ዐይን እንደተሰወሩ ቀሩ። ዛሮች እነርሱ ናቸው። ስለዚህ በሰው ላይ ያላቸው ቂም የዘመድ ቂም ነው።

ሥርዓቱ ብዙውን ጊዜ በሌሊት ይካሄዳል። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከበሮው በጭብጨባና በዘፈን ይታጀባል። የሚመራው ባለዛር ራሱ ታሞ ከዛሩ ጋር የታረቀ ሰው ነው። ምቱ ሲፈጥን የታማሚዋ ራስና ትከሻ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ይህ ጉሪ ይባላል። ከዚያ በኋላ በሰመመን ውስጥ ሆና የምትናገረው እርሷ ሳትሆን ዛሩ ነው፤ እርሷ «ፈረሱ» ናት። ዛሩ ይፎክራል፣ ስሙን ይናገራል፣ ልብስ፣ ጌጥ፣ ሽቶ ወይም መልኩ የተለየ ዶሮ ይጠይቃል። ስሙ ሳይታወቅ ድርድር የለም። ሲለቃት የሆነውን ሁሉ አላስታውስም ትላለች።

ዛሩ ግን ለዘለቄታው አይባረርም። በጠበል ቦታም መንፈስ ይጮኻል፣ ይለፈልፋል፤ እዚያ የሚፈለገው እንዲወጣ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ዛርን አጥብቃ ታወግዛለች። በባለዛር ቤት ግን ፈውስ ማለት ውል ነው፤ በየጊዜው እየገበሩ አብሮ መኖር። ሰመመኑም ይለመዳል፤ ጀማሪዋን የሚጥላት ዛር ከዓመታት በኋላ በወጉ ገብቶ በወጉ ይወጣል።

ከታማሚዎቹ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። በራሷ አንደበት ባሏን ቀሚስ ለመጠየቅ የማትደፍር ሴት በዛሩ አንደበት ታዘዋለች። ታዲያ ማስመሰል ነው? ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ በስመ ጥሯ ባለዛር በመልካም አያሁ ቤት ሥርዓቱን ለወራት ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት ነገሩን ከቴአትር ጋር አነጻጽሮታል፤ ሆኖም ተዋናዩ ራሱ የሚኖረው ቴአትር ነው ብሎታል። ከተራ ማስመሰል ይልቅ ይህ ለእውነቱ የሚቀርብ ይመስላል፤ ጥቅም ስላስገኘ ብቻ ሰመመኑ ሐሰት አይሆንም።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ ዛርን ከባህል ጋር ከተያያዙ ሕመሞች ዝርዝር አስገብቶት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ግን ሰመመንን ሕመም የሚለው ያለ ፈቃድ ሲመጣ፣ ሰውየውን ሲያውክና ማኅበረሰቡ ከተቀበለው ሥርዓት ውጭ ሲሆን ነው።

ዛር በሱዳን፣ በግብፅና በዐረብ ምድርም ይታወቃል፤ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያንም ይዘውት ሄደዋል። በሱዳኑ ዛር ሐበሾች ራሳቸውን የቻሉ የመናፍስት ነገድ ሆነው ይቆጠራሉ፤ በሱዳናውያን ሴቶች ላይም ይሰፍራሉ።