የአዲስ መምህር ቃለ መጠይቅ፦ የሚባለውና እውነታው

ሐምሌ ሲገባ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በሞጣና በባሕር ዳር የግል ትምህርት ቤቶች በር ላይ «መምህር እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። የመንግሥቱ ቅጥር ደግሞ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትና በዞን ትምህርት መምሪያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ገና ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የወጣ ተመራቂ ማስታወቂያውን አንብቦ ሳይጨርስ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፍለታል። ከምክሩ የሚጠቅም አለ፤ የሚበዛው ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የኖረና ሰውን የሚያሳስት ነው።

«ሥራ በዘመድ ነው፤ ብትዘጋጅም ባትዘጋጅም ያው ነው»

ዘመድ የሚባል ነገር የለም ብሎ መከራከር ሞኝነት ነው። ቢሆንም የግል ትምህርት ቤት ባለቤት የሚኖረው ወላጅ በሚከፍለው ነው። ማስተማር የማይችል የዘመድ ልጅ ክፍል ውስጥ ካስገባ ወላጁ የልጁን ደብተር እያገላበጠ መጥቶ ይፋጠጠዋል። ስለዚህ ዘመድ ያለውም ቢሆን ሰሌዳ ፊት ቆሞ እንዲታይ ይፈለጋል።

በመንግሥት ቅጥር ደግሞ የነጥቡን ክፍፍል አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ የጽሑፍ ፈተና ከስንት፣ ቃለ መጠይቅ ከስንት፣ የትምህርት ውጤት ከስንት እንደሚያዝ። ማስታወቂያው ላይ ካልተጻፈ ስትመዘገቡ ጠይቁ። ከ20 ለሚያዝ ቃለ መጠይቅ የሚደረገው ዝግጅትና ከ60 ለሚያዘው የሚደረገው አንድ አይደለም። ውጤት ሲለጠፍም ነጥባችሁን በዝርዝር ማየት እንደምትፈልጉ መናገር ነውር የለውም።

«ውጤቴ ከፍ ያለ ስለሆነ ቃለ መጠይቁ ለይስሙላ ነው»

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ያለፈ ነው። ውጤታችሁ ለቃለ መጠይቅ ያስጠራችኋል፤ ከዚያ በኋላ የሚለየው ማስረዳት መቻላችሁ ነው።

ጠያቂዎች የዩኒቨርሲቲውን ኮርስ ብዙም አያነሡም፤ የሚጠይቁት የምታስተምሩትን ክፍል ነው። ካልኩለስ ሲሠራ የኖረ ተመራቂ «ግማሽን ለሩብ ስናካፍል መልሱ ለምን 2 ይሆናል?» ሲባል «ሁለተኛውን ገልብጦ ማባዛት ነው» ብሎ ያልፋል። ጥያቄው ስለ ሕጉ አልነበረም፤ ስለ ምክንያቱ ነው። «በግማሽ ውስጥ ስንት ሩብ አለ? ሁለት» ያለው ግን አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ የሚገባውን ቋንቋ ተናግሯል።

ለዚህ የሚረዳው የተማሪውን መጽሐፍና የመምህሩን መምሪያ ማግኘት ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፤ አሁን ከ1 እስከ 6 አንደኛ ደረጃ፣ 7 እና 8 መካከለኛ፣ ከ9 እስከ 12 ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ መጻሕፍቱም አዲስ ናቸው። «እኔ ስማር እንዲህ ነበር» ብሎ መግባት አያዋጣም። ጊዜ ካጠረ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች አጥብቃችሁ አንብቡ፤ መስከረም ላይ የምትጀምሩት እነሱን ነውና ጥያቄው ከዚያ ቢመጣ አይገርምም።

«በማሳያ ትምህርት የማውቀውን ሁሉ ማሳየት አለብኝ»

አመልካች በብዛት የሚወድቀው እዚህ፣ በጠያቂዎች ፊት ለናሙና በሚያስተምረው አጭር ትምህርት ላይ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ ለማሳያ የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ነው። የ40 ደቂቃውን ይዘት በ15 ደቂቃ ላጭቅ ያለ ሰው መፍጠን ይጀምራል፤ ሲፈጥን ፊቱን ወደ ሰሌዳው ያዞራል፤ ፊቱን ካዞረ ደግሞ የሚያስተምረው ሰሌዳውን ነው።

አንድ ዓላማ ብቻ ያዙ። «ተማሪዎች ስለ ክፍልፋይ ይረዳሉ» የሚለው ዓላማ አይመዘንም። «ተማሪዎች ላዕላቸው (ከላይ ያለው ቁጥር) 1 የሆነ ሁለት ክፍልፋዮችን ያወዳድራሉ» የሚለው ግን ይመዘናል። በዚህ ርዕስ የ15 ደቂቃ ማሳያ ቢሰጣችሁ እንዲህ ልትከፋፍሉት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ 2 ደቂቃ ለመግቢያ። «አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ፣ የትኛው ይበልጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ልጅ አንድ አራተኛ ይላል፤ ለእሱ 4 ከ3 ይበልጣላ። «ተሳስተሃል» አትበሉ፤ ሁለቱንም መልስ ሰሌዳው ላይ ጻፉና «እስኪ እንፈትነው» በሉ። ቀጥሎ 5 ደቂቃ ለማሳየት። ከቤት 24 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት እኩል የወረቀት ቁራጮች ቆርጣችሁ ኑ። አንዱ ለሦስት ሲታጠፍ እያንዳንዱ ክፍል 8 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው ለአራት ሲታጠፍ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለቱን ቁራጭ ጎን ለጎን ይዞ የሚያሳየው ተማሪው ይሁን። ከዚያ 5 ደቂቃ አንድ አምስተኛንና አንድ ስምንተኛን ራሳቸው ያወዳድሩ፤ እናንተ በወንበሮቹ መካከል እየዞራችሁ ደብተር እዩ። የቀረው 3 ደቂቃ ለምዘና ነው፤ አንድ ጥያቄ፣ በብጣሽ ወረቀት፣ እያንዳንዱ ለየብቻው።

«ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። የገባውም ያልገባውም በአንድ ድምፅ «አዎ» ስለሚል ምንም አያሳይም። ጥያቄ ስትጠይቁም አስቀድማችሁ ስም አትጥሩ፤ ስም ከተጠራ የቀረው ክፍል ማሰቡን ያቆማል። ጠይቁ፣ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ዝም በሉ፣ ከዚያ ጥሩ። ዝምታው ፊት ለፊት ለቆመው ሰው ረጅም ይመስላል፤ ተቀምጦ ለሚያየው ግን የልምድ ምልክት ነው።

ተማሪ ሆነው የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ ራሳቸው ጠያቂዎቹ ናቸው። አንዱ ሆን ብሎ ስሕተት ይመልሳል፤ ሌላው ስልኩን ይነካካል። ፈተናው ያ ነው። የተሳሳተውን «እንዴት አገኘኸው? አስረዳኝ» በሉት፤ ስልክ የያዘው አጠገብ ደግሞ ማስተማራችሁን ሳታቋርጡ ሄዳችሁ ቁሙ። ርዕሰ መምህሩን ተማሪ አድርጎ መገሠጽ ከባድ ነው፤ አጠገቡ መቆም ግን ማንንም አያስቀይምም።

ሰሌዳውን ለሦስት ክፈሉት፦ በግራ ቀን፣ የትምህርት ዓይነትና ርዕስ፤ በመካከል ዋናው ሐሳብ፤ በቀኝ የሚጠፋው ሥራ። ጠመኔው የሚጮህ ከሆነ ለሁለት ስበሩት፣ ጩኸቱ ይቀንሳል። ስታጠፉ ከላይ ወደ ታች አጥፉ፤ ወደ ጎን ከጠረጋችሁት አቧራው ፊታችሁ ላይ ይመጣል። ሦስት አራት ቃል እንደጻፋችሁ ወደ መጨረሻው ወንበር ሄዳችሁ ይነበብ እንደሆነ ብታዩ በራሱ ነጥብ ያስገኛል።

የዕለቱን የትምህርት ዕቅድ በጽሑፍ፣ ለጠያቂዎቹ በሚበቃ ኮፒ ይዛችሁ ግቡ። ጊዜ፣ ይዘት፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ የማስተማሪያ መርጃና ምዘና የየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው። ጠያቂ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በተማሪው ዓምድ ላይ ነው። ከላይ እስከ ታች «ያዳምጣሉ፣ ይጽፋሉ» የሚል ከሆነ መምህሩ ብቻውን ሊናገር መምጣቱን ያውቃል።

ልምምዱን በመስተዋት ፊት አታድርጉት፤ መስተዋት አይጠይቅም። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ለመምህሩ ነግሮ እንደሚያሳርመው ሁሉ፣ የምታቀርቡትን ትምህርቱን ለማያውቅ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት በሰዓት አስተምሩትና የት ላይ እንደጠፋበት ጠይቁት።

«ላብራቶሪ ከሌለ ሳይንስ በቃል ነው የሚሰጠው»

«መሣሪያ በሌለበት ትምህርት ቤት ብትመደብ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የሳይንስ አመልካችን ይጠብቀዋል። «ለመንግሥት አሳውቃለሁ» ማለት መልስ አይሆንም። አንድ የታወቀ ነገር ይዛችሁ ግቡ። ለምሳሌ የወጥ እርድ በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ ነጭ ወረቀት ቀቡና አድርቁት። የሳሙና ውሃ ሲነካው ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ሎሚ ሲነካው ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። አሲድና ቤዝ ለመለየት ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም፤ ወረቀቱንም በቦርሳችሁ ይዛችሁ ገብታችሁ እዚያው ማሳየት ትችላላችሁ።

«እንግሊዝኛ ባበዛሁ ቁጥር አዋቂ እመስላለሁ»

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ ለዚያ ያመለከተ በእንግሊዝኛ ማቅረብ አለበት፤ ሰዋስዉ ቢወላገድም ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ግልጽ ከሆነ ይታለፋል። በታችኛው ክፍል ግን ልጁ የማይሰማውን መናገር ነጥብ ያስጥላል። እዚያ የሚፈለገው የክፍልፋይን የላይና የታች ቁጥር «ላዕል»ና «ታህት» ብሎ ያለ መደናቀፍ መጥራት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የከረመ ሰው እነዚህ ይጠፉበታል። በአዊ ዞን፣ እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ፣ በአንደኛ ደረጃ በአዊኛም ስለሚሰጥ የምታመለክቱበት ትምህርት ቤት በየትኛው እንደሚያስተምር አስቀድማችሁ አጣሩ። የግል ትምህርት ቤቶችም ይለያያሉ፤ ማሳያው በየትኛው ቋንቋ እንደሚሆን ደውሎ መጠየቅ ይቻላል።

«ስለ ሥነ ሥርዓት ሲጠይቁኝ ጥብቅ መሆኔን ላሳይ»

«አንበረክካለሁ፣ በአለንጋ ሁለት ሦስቴ…» ያለ አመልካች እዚያው ላይ ያበቃለታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። «እመክረዋለሁ» ብሎ ማቆምም ባዶ ነው። ቅደም ተከተል ተናገሩ፦ በክፍል ውስጥ ቀርቦ በዝግታ መናገር፣ ከክፍል በኋላ ለብቻው ማነጋገር፣ ምክንያቱን ማጣራት፣ ለክፍል ኃላፊው ማሳወቅ፣ ወላጅ መጥራት፣ በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ጋ መቅረብ፤ የተደረገውንም በየደረጃው መጻፍ። ምክንያቱን ስታነሡ የአገሩን ሁኔታ ማወቃችሁ ይታይ። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚቀረው ልጅ አጨዳና ውቂያ ላይ ሊሆን ይችላል፤ በገበያ ቀን የሚቀረው ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱን እንደ አንድ ዓይነት ሰነፍ የሚያይ መምህር ገጠር ላይ ይቸገራል።

«ልምድ ስለሌለኝ የምለው የለኝም»

ለዜሮ ዓመት የወጣ ማስታወቂያ ልምድ እንደሌላችሁ አውቆ ነው የጠራችሁ። የትምህርት ቤት ልምምዳችሁ አለ፤ የክረምት ቱቶሪያል፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የመስጊድ ማስተማርም ይቆጠራል። የምትናገሩት ግን በዝርዝር ይሁን፦ የትኛውን ክፍል፣ የትኛውን ርዕስ፣ ተማሪው ምን ላይ ይሳሳት እንደነበር፣ እንዴት እንደተስተካከለ።

«ሰነድ ሲጠሩኝ አሟላለሁ»

ዲግሪ ወይም ጊዜያዊ ማስረጃ፣ ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትና መታወቂያ፤ ዋናውና ኮፒው፣ በፕላስቲክ ክላሰር። ክረምት ነው፤ ዝናብ የነካው ትራንስክሪፕት ማኅተሙ ይደበዝዛል። ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው የስም ፊደል ነው፤ 12ኛ ክፍል ላይ በአንድ ዓይነት፣ ዲግሪው ላይ በሌላ፣ መታወቂያው ላይ በሦስተኛ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሲገኝ ቅጥሩ ይጓተታል። ሦስቱን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል እዩ። የተለየ ካለ ከተቋሙ ሬጅስትራር ማስተካከያ የሚወጣበትን መንገድ ዛሬ ጀምሩ።

ስለ ልብስ ብዙ ይባላል፤ ንጹሕና የተተኮሰ ይበቃል፣ የተበደሩት ሰፊ ኮት ሰሌዳ ላይ ክንድ ለማንሣት ይከለክላል። ከሌላ ከተማ የምትመጡ ከሆነ ግን በዋዜማው ግቡ። ቀጠሮው 2፡30 ሆኖ ጠዋት ከብቸና ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ ማሰብ በክረምት መንገድ ቁማር ነው።

«ደመወዝ መጠየቅ ስግብግብነት ያስመስላል»

በመንግሥት ቅጥር ደመወዙ በስኬል የተወሰነ ስለሆነ ድርድር የለም። የግሉ ሌላ ነው። «ጥያቄ አለህ?» ሲባል «የለኝም» ብሎ የወጣ ሰው ሰኔ ላይ ውሉ የ10 ወር እንደነበር ያውቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ያለ ደመወዝ። ጠይቁ፦ ውሉ የ10 ወር ነው ወይስ የ12? የተባለው ደመወዝ ያልተጣራው ነው ወይስ እጅ ላይ የሚደርሰው? በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ነው? ቅዳሜ ቱቶሪያል ካለ ክፍያው ለብቻ ነው? ጡረታ ይቆረጣል ወይ? በሕጉ ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ነው፤ 18ቱንም ከእናንተ ላይ የሚቆርጥ ካለ ቅድሚያ ማወቁ ይሻላል።

የግል ትምህርት ቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይተዳደራል፤ በዚያ መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ይህ 12 ሳምንት ነው። «ለስድስት ወር እንሞክርህና ከዚያ እንነጋገራለን» ከተባላችሁ በትሕትና «ውሉ ላይ እንዴት ተጽፏል?» በሉ፤ ሳትፈርሙ በፊት ሙሉውን አንብቡ፣ ከፈረማችሁ በኋላም አንዱን ቅጂ ይዛችሁ ውጡ።