«የጠፋ ሚዲያ» ምንድን ነው? የጀርመኑ የአሸዋ ሰውዬ ታሪክ

«የጠፋ ሚዲያ» የሚባለው በአንድ ወቅት ለሕዝብ የቀረበ፣ ዛሬ ግን ቅጂው የማይገኝ ፊልም፣ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ወይም የድምፅ ቅጂ ነው። ያዩት ሰዎች በሕይወት አሉ፣ በደንብም ያስታውሱታል። እስቲ አሳዩን ሲባሉ ግን የሚያሳዩት የለም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የልጆች ፕሮግራም ሲጠፋ ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የጀርመኑ ዛንድሜንሸን ነው፤ ትንሹ የአሸዋ ሰውዬ ማለት ነው። በተረታቸው ማታ ማታ ይመጣና ልጆች ዓይን ላይ አሸዋ ይበትናል፤ ልጆቹም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ጠዋት ዓይን ጥግ ላይ የምናገኘው ዓይናር የእሱ አሸዋ ነው ይላሉ።

ይህ ሰውዬ በምሥራቅ ጀርመን ቴሌቪዥን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1959 ነው። ምዕራብ በርሊን ተመሳሳይ ነገር እያዘጋጀች እንደሆነ ስለተሰማ ሥራው ጥድፊያ ነበረው። ሰውዬው አሻንጉሊት ነው፤ ሠሪው ገርሃርድ ቤረንት በሁለት ሳምንት ገደማ አደረሰው። የምዕራቡ ዲሴምበር 1 ቀን ተከተለ፤ በ1989 ደግሞ ቆመ። የምሥራቁ ግን አገሩ ፈርሶም እስከ ዛሬ ይታያል።

እንዲህ ያለ ፊልም የሚሠራው በእጅ ነው። የአሻንጉሊቱን ክንድ ለዓይን በማይታወቅ መጠን ታነሳለህ፤ ፎቶ። አሁንም ትንሽ ታነሳለህ፤ ፎቶ። በአውሮፓ ቴሌቪዥን ለአንድ ሰከንድ 25 ምስል ያስፈልጋል፤ ለአንድ ደቂቃ 1,500። ይህን ያህል የተለፋበት ነገር እንዴት ይጠፋል?

መልሱ ፕሮግራሙ በተሠራበት መንገድ ላይ ነው። ዛንድሜንሸን ሲጀመር መግቢያና መውጫ ነበር። መሃሉ ላይ የሚቀርበው ከ1958 ጀምሮ የነበረው «የማታ ሰላምታ» የተባለ የልጆች ተረት ነው። የአሸዋ ሰውዬው በፊልም ስለተነሳ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በዚያ ዘመን ግን ብዙው የስቱዲዮ ሥራ ቀጥታ ስርጭት ነበር። መብራቱ ሲጠፋ ሥራውም አብሮ ይጠፋል። የቪዲዮ ቴፕ ከመጣም በኋላ ዋጋው ውድ ስለነበር በየአገሩ ያሉ ጣቢያዎች የድሮውን እያጠፉ አዲስ ይቀርጹበት ነበር። ለልጆች ተረት ማን ቴፕ ያስቀምጣል? በዚህ የተነሳ ቅርፊቱ ተርፎ ፍሬው የጠፋበት ሥራ ይገኛል። ይህ በከፊል የጠፋ ይባላል።

ፊልም ሆኖ የተረፈውም ቢሆን አይታመንም። አሴቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ የድሮ ፊልም ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ራሱን ይበላል። ቆርቆሮውን ስትከፍት አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ ይህ የምር አሴቲክ አሲድ፣ አቼቶን የሚያኮመጥጠው ነገር ነው። ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ መጨረሻ ላይ ይሰባበራል።

ሰዎች «ጠፋ» የሚሉት፣ ግን ያልጠፋም አለ። የአሸዋ ሰውዬው የምሥራቅ ጀርመን ወታደሮችን የጎበኘባቸው ክፍሎች ዛሬ ለልጆች አይቀርቡም። የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ቅርስ ፖትስዳም ባቤልስበርግ ባለው የጀርመን ብሮድካስት መዝገብ ቤት ተቀምጧል። ይህን ከእውነተኛው መጥፋት መለየት አለብን። መዝገብ ቤት ያለ ነገር ይጠየቃል፣ ይወጣል። የተደመሰሰ ቴፕ ግን አይመለስም።

ደግነቱ ቅጂ ባልታሰበበት ቦታ ይገኛል። የእንግሊዙ ቢቢሲ አጥፍቷቸው የነበሩ ዶክተር ሁ የተባለ ተከታታይ ድራማ 9 ክፍሎች መገኘታቸው የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የተገኙት ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ባለ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ለሽያጭ ወደ ውጭ የተላከ ቅጂ፣ የሰብሳቢ ጓዳ፣ የጡረተኛ ቴክኒሻን ሣጥን፤ ፈላጊዎች የሚያንኳኩት እነዚህን በሮች ነው።

ፊልሙ ባይገኝ እንኳ ዱካው ይገኛል፤ ስክሪፕት፣ የጋዜጣ ፕሮግራም ዝርዝር፣ የተመልካች ደብዳቤ። የመጀመሪያው ዛንድሜንሸን መጨረሻ ላይ ሰውዬው ራሱ በረዶ ላይ፣ መንገድ ዳር እንቅልፍ ጣለው። ያዩት ልጆች አላስቻላቸውም። ብርድ ላይ እንዳያድር አልጋችንን እንሰጠዋለን ብለው ለጣቢያው ጻፉ።