ስቲም ፋሚሊ፦ የሚጋራው ጨዋታው ነው፣ አካውንቱ አይደለም

«ኮምፒውተራችን አንድ ስለሆነ አንድ አካውንት ይበቃናል» የሚለው ሐሳብ ነው ብዙ ቤት የሚያደናግረው። ስቲም ፋሚሊ (የኮምፒውተር ጨዋታ መሸጫው ስቲም ላይ ቤተሰብ ጨዋታ የሚጋራበት አገልግሎት) እስከ 6 ሰው ይይዛል፤ እያንዳንዱ በራሱ አካውንት ይገባል። ሣራ የገዛችውን ጨዋታ ወንድሟም መጫወት ይችላል፣ የደረሰበት ደረጃ ግን በእሱ ስም ይመዘገባል። ሁለቱ በሁለት ኮምፒውተር ያንኑ ጨዋታ በአንድ ጊዜ ልክፈት ካሉ ሁለት ቅጂ መግዛት ግድ ነው።

እስከዚህ ያለው መጋራትን ለሚፈቅድ ጨዋታ ሁሉ ይሠራል። ከጨዋታ ጨዋታ የሚለያየው ሴቭ (ተጫዋቹ የደረሰበትን የሚይዘው ፋይል) የሚቀመጥበት ቦታ ነው፦ አንዳንዱ የዊንዶውስ ዶክመንትስ ፎልደር ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ ሁለቱም በአንድ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ከገቡ የአንዱ ሴቭ የሌላውን ሊደመስስ ይችላል። ስለዚህ የዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ አካውንትስ ገብታችሁ ለየልጁ የዊንዶውስ ተጠቃሚም ክፈቱ። መጋራትን ጭራሽ የማይፈቅዱ ጨዋታዎችም አሉ።

ይህን ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ወንድሟ በሣራ ቅጂ ሲጫወት አጭበርብሮ ከታገደ፣ ሣራም ከዚያ ጨዋታ ትታገዳለች።