«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ»፦ የመንፈሳዊ ጓደኛ ነገር

«በርታ!» እንላለን። ለታመመው በርታ፣ ለተፈተነው በርታ፣ ሐዘን ለገባው በርታ። ስልክ ስንዘጋም «በል እንግዲህ በርታ» ነው። መልካም ቃል ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ብዙ ጊዜ ይህን ብለን መንገዳችንን እንቀጥላለን። በርታ የተባለው ሰው ደግሞ ብቻውን ሊበረታ እዚያው ይቀራል።

አባቶቻችን በዚሁ ቃል ላይ ሌላ ነገር ጨምረዋል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ብለዋል።

አባባሉን የማያውቅ የለም። ቁም ሣጥን የሚያነሣ ሰው ጎረቤቱን ሲጠራ ይለዋል። ለማትሪክ አብረው የሚያጠኑ ልጆች ይሉታል። ቤተሰብ ሽማግሌ ሲልክም አንድ ሰው ብቻ አይልክም፤ ለምን ብትሉ ይኸንኑ ይነግራችኋል። ትርጉሙ ግልጽ ነው። አንድ ጠንካራ ሰው ብቻውን ከሚያደርገው ይልቅ ሁለት ሰዎች ተጋግዘው የሚያደርጉት ይበልጣል። እኔ ግን ዛሬ ላወራበት የፈለግኩት በእምነት ሕይወት ውስጥ ያለውን ትርጉሙን ነው። ለሌላው ሰው መንፈሳዊ ጓደኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ አባባል በተሻለ በአጭሩ የነገረኝ የለም።

እንደ አብዛኞቹ ተረቶቻችን ደራሲ የለውም። ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነው። «ብርቱ» እና «መድኃኒቱ» ቤት ስለሚመቱ አንዴ ከሰሙት አይረሳም። አራት ቃል ነው፤ ግስ እንኳን የለውም። «ይሻላል» የሚለውን የሚጨምረው ሰሚው ራሱ ነው።

አሁን ቃላቱን ቀረብ ብለን እንያቸው። «ብርቱ» የመጣው «በረታ» ከሚለው ነው፤ ያው «በርታ» ከምንለው። «መድኃኒት» ግን ጠለቅ ይላል። ሥሩ የግዕዙ «ድኅነ» ነው፤ በአማርኛ «ዳነ»። በግዕዝ መድኃኒት ሲባል መዳን፣ ድኅነት ማለትም ነው። መድኃኔ ዓለም የምንለው የዓለም አዳኝ ለማለት ነው። አማርኛችንም ሁለቱን አልነጣጠላቸውም። «ከወባ ዳነ» እንላለን፤ «ነፍሱ ዳነች» እንላለን። ሥጋም ነፍስም የሚድኑት በአንድ ቃል ነው።

እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። አባባሉ «ከአንድ ብርቱ ሁለት ብርቱ» አላለም። መሐል ላይ ሲደርስ ቃሉን ቀየረ። በጉልበት ጀምሮ በመዳን ጨረሰ። ሁለቱ ሰዎች ብርቱዎች ይሁኑ አይሁኑ አልተነገረንም። ደካሞችም ሊሆኑ ይችላሉ። መድኃኒት ያደረጋቸው ሁለት መሆናቸው ነው።

ስለ ኅብረት የሚናገሩ ሌሎች ተረቶች አሉን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የብዙኃን ተረት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሃምሳ ሰው ይፈልጋል። ይህኛው የሚፈልገው አንድ ተጨማሪ ሰው ብቻ ነው። መንፈሳዊ ጓደኝነትም የሚጀምረው በዚያ ቁጥር ነው።

መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 4 ላይ የተጻፈው ሐሳብ የዚህ አባባል ጎረቤት ነው። ሁለት መሆን ይሻላል ይላል፤ ቢወድቁ አንዱ ሁለተኛውን ያነሣዋልና። ብቻውን የወደቀውን ግን የሚያነሣው የለምና ወዮለት። ልብ በሉ፤ ጠቢቡ ሁለት ከሆናችሁ አትወድቁም አላለም። መውደቁ አይቀርም ብሎ ነው የተነሣው። ጌታም ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ሁለት ሁለት አድርጎ ነው የላካቸው፤ ማርቆስ 6 ላይ አለ።

ጓደኛ መሆን በተግባር ምን ይመስላል ለሚል ሰው ግን እኔ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ነው የማሳየው። የእኛው ሰው ያለበት ታሪክ ነው። የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ሹም የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ይህ ሰው ብርቱ ነው። ባለሥልጣን ነው፣ የተማረ ነው፣ ለመስገድ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዟል። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት። መጀመሪያ ሲያነብ ሰማው። ከዚያ ጠየቀው፦ የምታነበውን ታስተውለዋለህን? መልሱ እስከ ዛሬ ልብ ይነካል። «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ከዚያም ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው።

የፊልጶስን ቅደም ተከተል ተመልከቱ። ሮጠ፣ ሰማ፣ ጠየቀ፣ ሲጋበዝ ወጣ፣ አጠገቡ ተቀመጠ። ማስተማሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ሰውየው ራሱ ከሚያነበው ቦታ ጀምሮ። እኛ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን። ሰው ገና አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ ጥቅስ እንጠቅስለታለን። ጓደኛ ለመሆን የምትፈልጉ ሁሉ፣ መጀመሪያ ሠረገላው ላይ ውጡ። ሰውየው በሚሄድበት መንገድ፣ በሚሄድበት ፍጥነት፣ ጥቂት አብራችሁት ሂዱ።

ደግሞም ፊልጶስ አልተጣበቀበትም። ጃንደረባው ከተጠመቀ በኋላ የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው። ያ ሰው ግን ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። ጓደኛው ሲለየው ደስታው አብሮ አልሄደም።

በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ይህ ነገር ሥርዓት አለው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ይቆማሉ። ሰው ካደገ በኋላ የንስሐ አባት ይይዛል። በየወሩ በጻድቃንና በመላእክት ስም የሚጠጣ ማኅበር አለ፤ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ከማኅበርተኛ አንዱ ከቀረ «ምን ሆኖ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ለእኔ የማኅበር ትልቁ ጥቅም ይህ ጥያቄ ነው። በወንጌላውያን ክርስቲያኖች ዘንድም የጸሎት ጓደኛ ይያዛል፤ በየቤቱ የሚሰበሰብ ኅብረት አለ። መንገዱ ይለያይ እንጂ ሁሉም ሰውን ብቻውን ላለመተው ነው።

የንስሐ አባትና ጓደኛ ግን አንድ አይደሉም። ኑዛዜ የሚቀበለው፣ የሚፈታው ካህኑ ነው። ጓደኛ ሥልጣን የለውም። ያለው ጊዜ ነው፣ ጆሮ ነው፣ የሰማውን ይዞ የሚቀመጥ ሆድ ነው። በተለይ ስለ መጨረሻው አደራ እላለሁ። የሰው ምሥጢር «ጸልዩለት» በሚል ስም ሠፈር ውስጥ ሲዞር አይቻለሁ። ይህ ሰውን ከእግዚአብሔር ቤት ያስወጣል። ጸልዩለት ማለት ካስፈለገ የክርስትና ስሙ ብቻ ይበቃል።

እኔ መንፈሳዊ ጓደኝነትን ያየሁት አያቴ ላይ ነው። የቀለም ትምህርት የላትም። ጎረቤታችን የሆነች ሴት ልጇን በድንገት ቀበረች። ከሰልስቱ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች። መጥተው የመከሯት ብዙ ናቸው፤ «እግዚአብሔርን ማማረር ኃጢአት ነው» ያሏትም ነበሩ። አያቴ ምንም አላለችም። እሑድ ሌሊት በ11 ሰዓት ነጠላዋን ተከናንባ ስትወጣ፣ የሴትዮዋን የቆርቆሮ በር በቁልፍ ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች። ትንሽ ትቆማለች። መልስ ከሌለ ትሄዳለች። በሳምንቱም እንዲሁ። አንድ ቀን ጭቃው ውስጥ አብሬያት ቆሜ፣ በርዶኝ፣ «እማማ፣ ተኝታ ይሆናል እኮ» አልኳት። «አልተኛችም። መብራቷን እይ» አለችኝ።

በሩ የተከፈተው ከክረምቱ በኋላ ነው። ሴትዮዋ ወጣች፤ አብረን ሄድን። ከቅጥሩ በር ስንደርስ ግን ቆመች። አልገባም አለች። አያቴ በሕይወቷ ኪዳን ያመለጣት ቀን ትንሽ ነው። ያን ቀን ግን አልገባችም። ከውጭ ግንቡን ተደግፋ ከሴትዮዋ ጋር ቆመች። የካህናቱ ድምፅ በድምፅ ማጉያው ይሰማል። ሁለቱም ዝም ብለው ቆመው አስቀደሱ። እንዲህ እያሉ ስንት እሑድ እንደቆሙ አልቆጠርኩም፤ ብዙ ነው። አንድ ቀን ሴትዮዋ ራሷ ቀድማ ገባች።

የአባ ጳውሊን ታሪክ የሰማሁት በኋላ ነው። ስሰማው ያ የቆርቆሮ በር ትዝ አለኝ። አባ ጳውሊ በግብፅ በረሃ ለብዙ ዘመን ብቻውን የኖረ ባሕታዊ ነው። ቁራ በየቀኑ ግማሽ እንጀራ ያመጣለት ነበር። የመነኮሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስ በእርጅናው ሊፈልገው ወጣ። ቦታው ሲደርስ በሩ ተዘጋበት። አባ እንጦንስ አልተመለሰም፤ ከደጁ ወድቆ ለመነ። በመጨረሻ ተከፈተለት። ተቃቀፉ። የዚያን ቀን ቁራው ያመጣው ሙሉ እንጀራ ነው። ከዚያ ማን ይቁረስ በሚለው ተከራከሩ። አንዱ «አንተ እንግዳ ነህ» ይላል፣ ሌላው «አንተ ሽማግሌ ነህ» ይላል። ክርክሩን የጨረሱት ሁለቱም በየበኩላቸው ይዘው በመሳብ ነው። አባ ጳውሊ ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ። እንጦንስ ከዘንባባ የተሠራውን ልብሱን ወሰደ፤ በትልልቅ በዓላትም ይለብሰው ነበር።

እነዚህ ሁለቱ በክርስትና ታሪክ ብርቱ ከተባሉት ሁሉ የበረቱ ናቸው። ለእነሱም እንኳ ሁለተኛ ሰው አስፈልጓቸዋል። እንጀራውም ሙሉ የሆነው ሁለት ሲሆኑ ነው።

«እኔ ራሴ መች በረታሁና ሌላ ሰው እደግፋለሁ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም ብዬዋለሁ። አባባሉን ደግማችሁ ስሙት፤ ብርታት አልጠየቃችሁም። በአረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። እሑድ እንኳን ወጥተው ቤተ ክርስቲያን መሳለም የማይችሉ አሉ። ሌሊት ሥራ ሲያልቅ ስልክ ተደዋውለው አንዷ ውዳሴ ማርያም ታነባለች፣ ሌላዋ ትከተላለች። ሁለቱም ደክሟቸዋል። አንዷ መሐል ላይ እንቅልፍ ቢወስዳት ሌላዋ ትጨርሰዋለች።

አያቴ አሁን እግሯ እምቢ ብሏታል። ከቤት አትወጣም። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ያቺ ጎረቤታችን በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ ትመጣለች። የዕለቱ ወንጌል ምን እንደነበር፣ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ትነግራታለች። ከዚያ ቡና ይፈላል። በራችን ቀን ቀን ክፍት ነው። እሷ ግን ሳትገባ በፊት ቆርቆሮውን በቁልፏ ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች።